ጩኸቱን የመለሱት እናት

የያዙኝ ወልዲያ ውስጥ፣ የተዋስኩትን መጽሐፍ ልመልስ ስሄድ ነው። ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ሁለቱም ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት። አንደኛው የአባቴን ስም ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። የአያቴን ስም ጠየቀኝ፤ እሱንም ነገርኩት። «እንግዲያው ነይ» አለ። መጽሐፉን አስረክቤ ልምጣ ብላቸው «እኛ እንመልስልሻለን» አሉኝ። እስካሁን አልተመለሰም።

አባቴ በወጣትነቱ ከትግራይ እህል ሊነግድ መጥቶ ሀብሩ ውስጥ፣ እናቴ አገር ላይ የቀረ ሰው ነው። የሞተውም የተቀበረውም እዚያው ነው። ከአማርኛ ሌላ ሲናገር የሰማሁት ሲቆጥርና ሲጸልይ ብቻ ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ግን ስሙ ከመቃብር ተነስቶ እኔን ፈለገኝ።

ሲሪንቃን አልፈን መርሳ ወረድን። ያስገቡኝ ከገበያው ጀርባ ያለ የሽንኩርት መጋዘን ውስጥ ነው። ግድግዳው ብሎኬት፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ በሩ የላሜራ ነው። ከጣሪያው ሥር ሰው የማይደርስባቸው የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎች ነበሩ። ሽንኩርቱ ወጥቷል፤ ልጣጩና ሽታው ቀርቷል። እግሬን ባነሳሁ ቁጥር ልጣጩ እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻል።

ጠባቂው ጎልማሳ የገበሬ ሚሊሻ ነበር። የእርሻ እጅ ነው ያለው፤ ጠመንጃውን እንኳ እንደ ዶማ ትከሻው ላይ ነው የሚያጋድመው።

«እዚህ ጩኸት የለም» አለኝ በሩን ሳይዘጋ። «የፈለግሽውን በቀስታ ንገሪኝ። ካንቺ በፊት የጮኸች ነበረች።»

«የት ሄደች?»

«ወሰዷት» አለና በሩን ዘጋው።

ከጨለማው ውስጥ አንዲት ሴት «አየሽ ግፍ?» አለች። «ሽንኩርት ቤት አስገብተው አታልቅሱ ይላሉ።»

እሷ የወልዲያ ሻይ ሻጭ ነበረች። ሻይ ቤቷ ውስጥ ወሬ ተወርቷል ተብላ ነው የመጣችው። «ሻይ ቤት ወሬ ካልተወራ ምን ሊወራ ኖሯል?» ትል ነበር። ከጎኗ የጮኸ ቀይ ቀሚስ የለበሰች፣ ሆዷ የገፋ ልጅ ተቀምጣለች። ቤተሰቦቿ በአባቷም በእናቷም ከትግራይ የመጡ የቆቦ ነጋዴዎች ናቸው፤ በሆዷ ያለው የመጀመሪያ ልጇ ነው። ከግድግዳው ሥር ደግሞ የራስ መከናነቢያ ጉፍታቸውን አስተካክለው፣ እግራቸውን ሰብስበው የተቀመጡ አሮጊት ነበሩ። ከውርጌሳ በላይ ካለ ቀበሌ የመጡ ገበሬ ናቸው። በደጃቸው ሲያልፉ ውሃ ለለመኑ ልጆች ውሃ ሰጥተዋል፤ ልጆቹ ደግሞ የወዲያኛው ወገን ተዋጊዎች ሆነው ተገኙ።

«ከየት ናችሁ ብዬ ልጠይቅ?» አሉኝ። «የጠማው ሰው ከየትም አይደለም፤ ጠምቶታል። አብሽሪ ልጄ፣ ነይ አጠገቤ ተቀመጪ።»

እኔ ትምህርት የጀመርኩት የራሴን ልጅ ትምህርት ቤት ካስገባሁ በኋላ ነው። በኋላም እንደኔ የዘገዩትን በማታ ክፍለ ጊዜ ሳስተምር ቆየሁ። ዘግይቶ ፊደል ያገኘ ሰው ቃል አይጥልም፤ እኔም የሰማሁትን ቃል አጥቤ፣ አድርቄ ነው የማስቀምጠው። እዚያ መጋዘን ውስጥ መጽሐፍ ስላልነበረ ሴቶቹን ጨዋታ አስጀመርኳቸው። አንድ ቃል እንመርጣለን፣ የምናውቀውን አገልግሎቱን ሁሉ በየተራ እንናገራለን። የመጀመሪያውን ቃል የመረጠችው ሻይ ሻጯ ናት። «ጩኸት» አለች በሹክሹክታ፤ ጠባቂው እንዳይሰማን።

«ሆዴ ይጮሃል» ብላ ራሷ ጀመረች። «ጻፊው።»

«በምን ልጻፈው?»

«በልብሽ።»

የቆቦዋ ልጅ ቀጠለች። «ቀኝ ጆሮዬ ሲጮህ እናቴ መልካም ወሬ ይመጣል ትለኝ ነበር። ከታሰርኩ ወዲህ የሚጮኸው ግራው ብቻ ነው።»

«ቀሚስሽም ይጮሃል» አልኳት። ወደ ቀሚሷ አይታ ሳቀች።

እኔ «ጩኸት ለቁራ፣ መብል ለአሞራ» የሚለውን ተረት አመጣሁ። ሻይ ሻጯ አልተሸነፈችም። «ቤቴን የፈተሹት እነሱ፣ ብርጭቆዬን የሰበሩት እነሱ፣ ተሰደብን ብለው የከሰሱኝም እነሱ። ጩኸቴን ቀሙኝ ማለት ይኸ ነው።»

አሮጊቷ ፈገግ ብለው ሲያዳምጡ ቆይተው «የኛንስ አገር ጩኸት አታስገቡልኝም?» አሉ።

ነገሩን አውቀዋለሁ፤ እናቴም አገር እንዲሁ ነው። ከሳቸው አፍ ስሰማው ግን ጣመኝ። በሀብሩ ተራሮች ላይ የሚጮህ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገውን ሰው ይጠራል፤ ቀጥሎ ምን እንደደረሰ፣ ከዚያ የት እንደሆነ ይናገራል። ለጅብ ከሆነ ወንዱ ዱላ ይዞ ይወጣል። እሳት ከሆነ ያገኘ ውሃ፣ ያጣ እርጥብ ቅጠል ይዞ ይሮጣል። ምጥ ከሆነ ሴቶች ይቀድማሉ፣ የቅሬው ወንዶች ቃሬዛ ተሸክመው ይከተላሉ። ቅሬ የምንለው ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚቀባበርበት የአገር ማኅበር ነው። ጩኸት የሰማ ለወዲያኛው ሸንተረር ያቀብልና የያዘውን ጥሎ ይነሳል። ሰምቶ የቀረውን ቅሬው ይቀጣዋል፤ ልማድ ያደረገው ሰው ደግሞ በሞቱ ቀን ቀባሪ አያገኝም።

«መመለሱንስ?» አልኳቸው።

«እሱማ ዋናው ነው። ነገሩ ሲያልቅ የጮኸው ሰው ከፍ ካለ ቦታ ወጥቶ ጩኸቱን ይመልሳል። አልቋል፣ ግቡ ብሎ ይመርቃል። አለዚያ ሰው እንዲሁ ሲመጣ ያድራል'ኮ!» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንድ ጎረቤት ነበረኝ። አህያዬን ጅብ ሊበላብኝ ነው ብሎ ጮኸ። ጅቡ ሸሸ፤ እሱም ገብቶ እራቱን በላና ተኛ። ሁለት ሸንተረር አቋርጦ የመጣው ሰው ደጁ ላይ ማንን ቢያገኝ ጥሩ ነው? አህያዋን! ሰው ስታይ ጊዜ አናፋች። ‹አመስግኑ ጎበዝ፣ እሷ እንኳ መለሰችልን› ብለው ተመለሱ። ወላሂ እስከ ዛሬ ልጆቹን ‹የአህያዋ ቤት› ነው የሚሏቸው።»

ሻይ ሻጯ ሳቋን ለማፈን ነጠላዋን ነከሰች። ጠባቂው በሩን በጣቱ መታ መታ አደረገ። ከወዲያ በኩል እሱም ሳይስቅ የቀረ አይመስለኝም፤ ጥቂት ቆይቶ ነበር የመታው።

በገበያው ቀን የእስር ቤቱ ሃላፊ የበሩን ቁልፍ ኪሳቸው ከተው በጠዋት ወደ ወልዲያ ሄዱ። ጦርነቱ ገበያውን ቢያሳሳውም ከግድግዳው ወዲያ የሰው ድምፅ ይሰማ ነበር፤ የሚከራከር፣ የሚጠራራ፣ ፍየል የሚጎትት። የቆቦዋ ልጅ ከንጋት ጀምሮ ዝም ብላ ነበር። ፀሐይ ቆርቆሮውን ማጋል ስትጀምር «እናቴ፣ የሆነ ነገር ፈሰሰኝ» አለች። አሮጊቷ ቀሚሷን ገለጥ አድርገው አዩ። ቀዩ ቀሚስ ደሙን ደብቆት ቆይቷል። ቀኗ ገና ነበር።

በሩን አንኳኳሁ።

«ወንድሜ፣ ምጥ ይዟታል። ደም ነው።»

«ሃላፊው ሲመጡ።»

«መቼ ይመጣሉ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ወልዲያ ናቸው።»

«እስከዚያ ትሞታለች።»

«ቁልፉ እኔ ጋ የለም» አለኝ። እውነቱን ነበር።

ሻይ ሻጯ በሩን በቡጢዋ እየደበደበች «ኡኡ!» አለች። እኔም አብሬያት ጮህኩ። የምንለው ቃል አልነበረንም፤ ኡኡ ብቻ። የገበያው ድምፅ ላንድ አፍታ ቀጥ አለ፤ ከዚያ ዝግ ብሎ ቀጠለ። በግድግዳው ሥር የሚያልፉ እግሮች ሲፈጥኑ ሰማሁ። አልፈረድኩባቸውም። በዚያ ሰሞን ከታሰረ ሰው በኩል ኡኡታ የሰማ ሁሉ አቀርቅሮ ማለፍን ለምዷል።

ጠባቂው «ዝም በሉ! እናንተንም እኔንም ታስጨርሳላችሁ!» አለ።

አሮጊቷ የልጅቱን ራስ ከጭናቸው አንስተው ባጠፍኩት ነጠላዬ ላይ አሳረፉትና ተነሱ።

«ተዉ» አሉን። «ይኸ ማንንም አልጠራም።»

ወደ በሩ ተጠጉ።

«ልጄ።»

«አቤት እናቴ።»

«ልጮህ ነው።»

«በፈጠረዎት! እናቴ፣ ልጆች አሉኝ።»

«እኔም አሉኝ። ሳልነግርህ እንዳልጮህ ብዬ ነው። ማን ጮኸ ያሉህ እንደሆነ ያቺ አሮጊት በላቸው፤ በስሜ ጥራኝ፣ አታመንታ። ያንተን ስም እኔ አላነሳም።»

ሲራመድ ሰማሁት፤ ከበሩ ራቅ ብሎ ቆመ።

አንዲት የሽንኩርት ሳጥን ከግድግዳው አስጠጋንላቸው። ቢቆሙባትም ወደ ቀዳዳው አልደረሱም።

«ትከሻሽን ስጪኝ» አሉኝ። «አይዞሽ፣ ጦርነቱ ቀንሶኛል፤ አልከብድሽም።»

አንድ እግራቸው ትከሻዬ ላይ፣ ሌላው ሻይ ሻጯ ትከሻ ላይ አረፈ። ሽቅብ ሳያቸው ጉፍታቸውን እያስተካከሉ ነበር። እንግዳ ሊቀበሉ የተዘጋጁ ነው የሚመስሉት። ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«የመርሳ እናቶች! ምጥ ነው፣ ደም ነው! ከሽንኩርቱ መጋዘን ነው! የመርሳ እናቶች! ምጥ ነው፣ ደም ነው!»

ያ ድምፅ ከዚያች ቀጭን ሴት ወጣ ብል የሚያምነኝ አላገኝም። አልተሰነጠቀም፣ አልተጣደፈም። እያንዳንዱ ቃል ሙሉውን ተሰማ፤ መጨረሻው ላይ ብቻ እንደ ዘፈን ረዘም ይላል። ትከሻዬ ላይ እግራቸው ሲንቀጠቀጥ ይሰማኝ ነበር። ድምፃቸው ግን ጸጥ ብሎ ይፈስሳል።

ገበያው ዝም አለ። ያን ያህል ዝም ያለ ገበያ ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ ከግድግዳው ማዶ አንዲት ሴት ተቀበለች፤ «ምጥ ነው፣ ደም ነው! ሽንኩርቱ መጋዘን!» ከሷ ወዲያ ሌላዋ። ከዚያ በኋላ ቃሉን መለየት አልቻልኩም፤ ዜማው ብቻ ቤት ለቤት እየዘለለ ወደ ተራራው ሲወጣ እሰማ ነበር።

አሮጊቷ ወርደው ወደ ልጅቱ ሄዱ። እኔ ዓይኔን በሩ ስንጥቅ ላይ አደረግኩ። መጀመሪያ የመጡት የሽንኩርት ነጋዴዎቹ ናቸው። አንዷ የሚዛን ሳህን እጇ ላይ እንደያዘች ረስታዋለች። ጠባቂው ጠመንጃውን አወረደ።

«ተመለሱ!»

«ምጥ ነው ተባልን'ኮ» አለች ሳህን የያዘችው።

«ተመለሱ አልኩ!»

«አያ፣ ሰምተን ወዴት እንመለሳለን?»

ይህን ስትለው አልጮኸችበትም። ከጀርባቸው ቃሬዛ የተሸከሙ ወንዶች ደረሱ። አንደኛው ሽማግሌ ጠባቂውን ያውቀዋል፤ ቃሬዛውን መሬት አስቀምጦ ከጎኑ ቆመ።

«አንተም ሰምተሃል አይደል?»

«ሰምቻለሁ።»

«እና ቅሬ ላይ ምን ልትል ነው? በር ላይ ቆሜ ነበር ልትል?»

«ቁልፍ የለኝም፣ ጋሼ።»

«ድንጋይስ?»

ጠባቂው መንገዱን ግራና ቀኝ አየ። ከዚያ ጠመንጃውን በጀርባው አዞረና «ከበሩ ራቅ በሉ!» ብሎ ወደ እኛ ተናገረ። ድንጋይ አንስቶ ጓጉንቸሩ እስኪበጠስ ድረስ ደጋግሞ መታ። በሩ ሲከፈት ከመዳፉ ደም ይፈስ ነበር፤ ልብ ያለው አይመስልም።

ሴቶቹ ልጅቱን አንስተው ቃሬዛው ላይ አስተኟት። አሮጊቷ እጇን እንደያዙ እስከ ደፉ ድረስ ሄዱና እዚያ ቆመው ለቀቋት። ጠባቂው ወደ ጤና ጣቢያ ቃሬዛውን ሲከተል ወደ እኛ ዞሮ «እናንተ…» አለ፤ ሳይጨርሰው ሄደ። በሩ ክፍቱን ቀረ። መውጣት ይቻል ነበር። ግን ኬላ በየመታጠፊያው አለ፤ ደግሞም ያንን በር የሰበረው ሰው ልጆች አሉኝ ብሏል። በሩን ከውስጥ ገጥመን ተቀመጥን።

ሃላፊው የመጡት ፀሐይ ወደ ተራራው ስታዘነብል ነው። ጠባቂውም እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ተመልሷል። ሃላፊው የሌላ አገር ሰው ናቸው። የተሰበረውን ጓጉንቸር በጫማቸው ጫፍ ገፋ አድርገው ተመለከቱ።

«ማነው የጮኸው?»

አሮጊቷ ማንም ሳይቀድማቸው ተነሱ። «እኔ ነኝ። እሱ ከልክሎኝ ነበር።»

«በሩንስ?»

«እኔ ነኝ» አለ ጠባቂው።

«ለምን?»

«ጩኸት ሰማሁ።»

ሃላፊው ሌላ መልስ ጠበቁ። አሮጊቷ በመሃል «ልጅቱስ?» አሉት።

«ተርፋለች እናቴ። የወለደቻት ሴት ልጅ ናት። ትንሽ ናት፤ ግን ታለቅሳለች።»

«እሰይ!» አለች ሻይ ሻጯ። «እሷን ማን ይከለክላታል!»

ሃላፊው አልሳቁም። «አንቺ ነገ ከዚህ ትነሻለሽ» አሏቸው። እድሜያቸውን እያዩ አንቺ ማለታቸውን ሁላችንም ሰማን። አሮጊቷ ግን አንቱታቸውን አልቀነሱም።

«እሺ ጌታዬ። ነገ የነገ ነው። አሁን ጩኸቴን ልመልስ ይፍቀዱልኝ።»

«ደግሞ ልትጮሂ?»

«አንዴ ብቻ። እርስዎ ያገሩ እንግዳ ነዎት፣ አይፈረድብዎትም። እኔ ስጠራ የሰማ ሰው ተቀባብሎ ከላይ ድረስ ወጥቷል። ከላይ ያለው አሁን ገና መንገድ ላይ ነው። ዱላ ይዟል፣ ቃሬዛ ይዟል። ሰዓት እላፊ ሲገባ ኬላ ላይ ያሉት ልጆችዎ ወደ እስር ቤት የሚገሰግስ ሰው ያያሉ። ምን ይዞ እንደሆነ በጨለማ ማን ይለያል? አንድ ሰው ቢወድቅ የጠራሁት እኔ ነኝ።»

ሃላፊው ወደ ጠባቂው ዞሩ።

«እውነታቸውን ነው» አለ። «ካልተመለሰ ሰው ይመጣል። እኔም ብሆን እመጣለሁ።»

ሃላፊው ከደጅ ያለውን ተራራ ረጅም ጊዜ አዩት። የሚንቀሳቀስ ነገር ይታያቸው እንደሆነ አላውቅም።

«አንዴ። አንዲት ቃል ብትጨምሪ…»

«አልጨምርም።»

አሮጊቷ ጥጉ ላይ ከነበረው እንስራ በእፍኛቸው ውሃ ወስደው ፊታቸውን አበሱ። ጆንያ የሚጫንበት የሲሚንቶ ደረጃ ነበር ደጁ ላይ፤ እዚያ ላይ ወጡ። ከፊት ለፊታቸው ጠመንጃ ነበር፣ ከኋላቸው የነገው ቀን። ፊታቸውን ወደ ተራራው አደረጉ።

«ያገር ሰው! ልጅቱ ተርፋለች! ሴት ወልዳለች! አልቋል፣ ግቡ! የደረሳችሁ ሁሉ ይድረስላችሁ! ለደስታ እንጂ ለክፉ አያጩኻችሁ! ግቡ!»

ከገበያው ጀርባ «አልሐምዱሊላህ!» የሚል መለሰ። ከፍ ብሎ ከአንድ ቤት «እግዚአብሔር ይመስገን!» ተባለ። ቃሉ በቅብብል እየራቀ ሄደ። ከዚያ ዝምታ ሆነ። ሃላፊው በቃ ግቢ ሊሉ እጃቸውን ሲያነሱ፣ ከማዶ፣ ምንም ቤት ከማይታይበት ቁልቁለት ላይ የአንድ ወንድ ድምፅ መጣ።

«ገባን!»

የሃላፊው እጅ እንደተነሳ ቀረ።

አሮጊቷ ከደረጃው ወረዱ። ግቢ ሳይባሉ፣ ማንም ክንዳቸውን ሳይዝ፣ ራሳቸው ወደ መጋዘኑ ገቡ። በሩ ቁልፍ ስላልነበረው ገርበብ እንዳይል ባዶ ሳጥኗን ከውስጥ አስደገፉበት። ልጣጩ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ሰበሰቡ።

በማግስቱ ወሰዷቸው። ሲሄዱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ያህያዋን ነገር እንዳትረሺብኝ» አሉኝ።

እኔ ከሳቸው በፊት ተፈታሁ። ጠባቂውን ያገኘሁት ሰላም ሲወርድ፣ መርሳ መናኸሪያ ውስጥ ነው። ከጥበቃ አንስተውት ወደ እርሻው ተመልሷል። መዳፉን ዘርግቶ ጠባሳውን አሳየኝ። ቅሬውስ ምን አለህ ብለው «ምንም። አልተቀጣሁማ!» አለ ደረቱን ነፋ አድርጎ። የቆቦዋ ልጅ ወደ አገሯ ገብታለች፤ ልጇ መሮጥ ጀምራለች። አሮጊቷም ተፈትተዋል። ከመኪና ሲወርዱ ወደ ውርጌሳ ከመሄዳቸው በፊት ገበያው ውስጥ ገብተው የሽንኩርት ነጋዴዎቹን እየዞሩ «ደርሳችሁልኛል» እያሉ አመስግነዋል። ይህንን የነገረኝ እሱ ነው።

አሁን ወልዲያ ነኝ፣ አስተምራለሁ። ባለፈው ሰሞን ከሰዓት በኋላ የተማሪ ደብተር ሳርም ከታችኛው ሰፈር ጩኸት ሰማሁ። እሳት ነበር። ውሃ ይዤ ስወጣ ሰው ከፊቴ ሞልቷል፤ ባልዲዬን ተቀባበሉኝና ወደ ደጄ ተመለስኩ። ጭሱ ሲሳሳ አየሁት፤ ጎረቤቶቼ አንድ በአንድ ገቡ። አንዷ «መምህርት፣ ምን ይገትርሻል? ጠፋ'ኮ» አለችኝ።

«አልተመለሰም» አልኳት።

ቆሜ ጠበቅሁ። ቆይቶ፣ ከታች፣ ጉሮሮዋ የደረቀ ሴት «ጠፍቷል! ግቡ! ይድረስላችሁ!» አለች።

ገባሁ።